አራተኛው አምፖል

ለናፈቅኩህ ልጄ፦ ሰላምታዬ ካለህበት በጤና ይድረስህ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና በጽሑፌ አትሳቅ።

አባትህ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ብረት መነካካቱን አልተወም። ትናንት የራሱን ትንሽ የእንፋሎት ሞተርና አንተ ሠርተህ የሄድከውን ሊያወዳድር ተነሣ። እኩል ውሃ፣ እኩል እሳት ሰጥቶ፣ በየተራ ከትንሿ ጀነሬተር ጋር እያገናኘ አምፖል ይጨምርባቸዋል። በቀትር፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ «አንቺ፣ ምን ጨለማ ውስጥ ታስቀምጪኛለሽ? መብራት አብሪ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። አበራሁለት።

የራሱን አምፖሎች አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ «ሦስቱ ሞቀዋል» አለ። ያንተን ሊዳስስ ሲል ግን የጋለው ቱቦ ላይ እጁን አሳረፈና ተቃጠለ። በጨርቅ ጠቀለልኩለት።

«ቁጠሪልኝ፤ የልጁ ስንት አበራ?» አለኝ። ትምህርት ስገባ «ቁጥርና ፊደል ለምንሽ ነው፣ ለመቃብርሽ?» ብሎ የሳቀብኝ ሰው!

ያንተ አራት አምፖሎች ቦግ ብለዋል። ደስ ይበለው ብዬ «ሦስት፤ እኩል ናችሁ» አልኩት።

«እንግዲያው በደንብ አላስተማርኩትም ማለት ነው» አለና ሞተሮቹን በጨርቅ ሸፈናቸው። እስካሁን አልገለጣቸውም። እኔም መዋሸቴን መናገር አቃተኝ።

ለአባትህ ብቻ ብለህ ደብዳቤ አትጻፍ፤ የምታነበው እናትህ ናት። ፎቶ መላኩንም ተወው። እግርህን ላከው፣ ልጄ፣ ቶሎ።

በደህና ያገናኘን።
እናትህ