ቢራ ሳልቀምስ ያበጠ ሆድ

ሰኞ
ሙሉ ዛሬም አፌን አሸተተችኝ! ሚስቴ ናት፣ ምን አደርጋታለሁ። ሆዴ ተነፍቷል፣ እግሬም አብጧል። የክሊኒኩ ሰውዬ እሷ ፊት "ጉበትህ አብጧል፣ መጠጥ ቀንስ" ካለኝ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። ምኑን ልቀንስ? እኔ ጠላ እንኳ ቀምሼ አላውቅም። የሱቅ ጎረቤቴ አብዲ ደግሞ "ቦርጭ አወጣህ፣ ሀብታም ሆንክ" ይለኛል። ሀብቱ የታለ?

ማክሰኞ
ሆስፒታል ሄድኩ። ሙሉም "እውነቱን ከሐኪሙ አፍ ልስማ" ብላ ተከተለችኝ። ዶክተር ሀሰን ጎኔ ላይ የተገተሩትን ደም ሥሮች በጣቱ እየተከተለ አየ። ቀኝ ጎኔን ሲጫነኝ ጮህኩ። "ትጠጣለህ?" አለኝ። "በፍጹም!" ሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ለምርመራ ደም ሰጥቼ ተመለስኩ።

ረቡዕ
የጉበት ቫይረስ የለብህም ተባልኩ። ተመስገን! ሙሉ ግን "ታዲያ ምን ቀረ?" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። በንዴት ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ሐሙስ
ጉድ እኮ ነው! ባለቀለም አልትራሳውንድ ሊያነሱኝ አጋድመውኝ ዶክተሩና ባለሙያዋ በሶማሊኛ ያወራሉ። "ቤር... ቤርካ..." አሁንም "ቤርካ"። ደሜ ፈላ። "ኧረ በፈጣሪ፣ ቢራ አልጠጣም አልኳችሁ!" ብዬ ተነሳሁ። ሳቃቸው አመለጣቸው። ለካ በሶማሊኛ ቤር ማለት ጉበት ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ጅግጅጋ ስነግድ የተማርኩት ዋጋ መጥራት ብቻ ነው። ሙሉም ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ከዚያ ዶክተሩ ስክሪኑን እያሳየ አስረዳን። ደም ወደ ጉበቴ ይገባል፣ መውጫዎቹ ደም ሥሮች ግን በረጋ ደም ተዘግተዋል። "የቶጎጫሌ መንገድ ኬላ ሲዘጋ መኪናው ወደኋላ አይሰለፍም? እንደዚያ ነው። ሆድህ ውስጥ ውሃ ያጠራቀመው እሱ ነው፣ መጠጥ አይደለም።" የመጨረሻዋን ድገምልኝ አልኩት። ሙሉን እያየ ደገመልኝ።

ዓርብ
ደም የሚያቀጥን መርፌ ተጀመረልኝ። ውሃውን የሚያስወጣው ክኒን ሽንት ቤት ሲያመላልሰኝ ዋለ፣ ቀበቶዬ ግን ትንሽ ላላ! ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፈውልኛል። ደሙ ለምን እንደረጋ እዚያ ይመረመራል፤ መርፌው ካልበቃ መውጫውን በቱቦ ይከፍቱታል። "ቶሎ ደርሰንበታል" አለኝ ዶክተሩ።

ቅዳሜ
ሙሉ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ ልማዷም አይደለም። ሱቁን ለአብዲ አደራ ሰጥታ ሁለት ቲኬት ቆርጣ መጣች። "ሁለት ለምን?" አልኳት። "ብቻህን ሄደህ ብትሞትብኝስ?" ብላ ፊቷን አዞረች። እያለቀሰች ነበር። መፍራቱንስ እኔም ፈርቻለሁ። ግን ደስ ብሎኛል።