ኪራይ እንዳይጨምርባችሁ ተመዝገቡ ላሉን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የቤት ኪራይ ውል ምዝገባ ኃላፊ
አምቦ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም በአንድ ጣሪያ ሥር በጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በኦሮምኛም አካም ጅርቱ ብዬ እጨምራለሁ፤ በሁለት ቋንቋ ደህንነትዎን የጠየቀ ሰው ቢያንስ በአንዱ መልስ ያገኝ ይሆናል።

ሮዛ ገቢሳ እባላለሁ። በዚሁ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ ፍሮምሳ የሒሳብ መምህር ነው፤ አመለሸጋ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለችን። ስድስት ዓመት ሙሉ በአዴ ኡርጌ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ኖረናል። አዴ ኡርጌ፣ ወይዘሮ ኡርጌ ማለቴ ነው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከኪራዩ ሌላ ገቢ የሌላቸው ሴት ናቸው። እኔ ተረኛ ስሆን ልጄ የምትውለው እሳቸው ጋ ነበር። ዋጋ ሲጨምሩብን እንኳ መሬት መሬቱን እያዩ ነበር የሚነግሩን።

ያለ ተራ ቁጥር የቀረበ ማመልከቻ በመሥሪያ ቤትዎ እንደማይነበብ የመስኮቱ ሠራተኛ ስለመከረኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥቅምት በአዳራሽ ሰብስበውን፣ ኪራይ ከደመወዝ ቀድሞ የሚሮጠው በአከራዮች ስግብግብነት ብቻ እንደሆነ፣ ውሉን ያስመዘገበ ተከራይ ግን ለሁለት ዓመት ማንም እንደማይነካው ሲያበሥሩን፣ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ መምህር እጁን አውጥቶ፣ "ክቡር ኃላፊ፣ በማኅበር ተደራጅተን መሬት ከጠየቅን ሰባት ዓመታችን ነው። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው በየዓመቱ ወደ ከተማው ይገባል፤ የሚሠራ ቤት ግን የለም። የደመወዝ ጭማሪ ወሬ በሬዲዮ ሲሰማ፣ ደመወዙ ሳይደርሰን ኪራዩ ይደርሰናል። ታዲያ መመዝገብ ብቻውን ምን ያደርግልናል?" ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎም "ከአጀንዳ ውጪ ነው" አሉት። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሳቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። በማግስቱ አዴ ኡርጌን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ያስገደዳቸው የለም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መታወቂያቸውን በመሐረብ ቋጥረው ደስ ብሏቸው ነው የመጡት። ፎቶግራፍ ጎደለ ተባልን። ፎቶግራፉን ስናመጣ ሲስተም የለም ተባልን። ሲስተሙ ሲመለስ እርስዎ ስብሰባ ገብተዋል ተባልን፤ ከስብሰባ ሲወጡ ደግሞ ፎቶግራፉ ቆይቷልና አዲስ አምጡ ተባልን። አምስት ሳምንት ተመላለስን። የአዴ ኡርጌ ጉልበት ደረጃዎን ሲወጣ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ታች በሩ ላይ እየጠበቁኝ እኔ ብቻ እወጣ ነበር።

ክፉውም ነገር የመጣው ከዚያው በር ነው። በቢሮዎ መግቢያ ወንበር ዘርግቶ የሚውለውን ነገራ የሚባለውን ደላላ እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም፤ ሲገቡና ሲወጡ ብድግ ብሎ እጅ ሲነሳዎት አይቻለሁ። እኔ ፎቅ ላይ መስኮቱ ሥር እየለመንኩ ሳለሁ፣ እሱ ታች አዴ ኡርጌን ያዋያቸው ነበር። በኋላ እያለቀሱ እንደነገሩኝ ያላቸው እንዲህ ነው፦ "አዴ፣ ማኅተሙ አንዴ ካረፈ ሁለት ዓመት እጅዎ ታሰረ ማለት ነው። ዘይቱ፣ ጤፉ፣ መድኃኒትዎ በየወሩ ሲወደድ ቆመው ሊያዩ ነው? ሳይመዘገብ አሁኑኑ እጥፍ ያድርጉት። እነዚህ ካልቻሉ አራት ተማሪ አመጣልዎታለሁ።"

የዚያን ዕለት ማታ አዴ ኡርጌ በራችንን አንኳኩ። "ሮዛ ልጄ፣ አልዋሽሽም፣ ፈራሁ" አሉኝ። "እስከ ዛሬ ሲቸግረኝ ትንሽ እጨምር ነበር። አሁን ግን አንዴ ካለፈኝ አለፈኝ አሉኝ።" የጠሩት ዋጋ የእኔን ደመወዝ እንዳለ የሚወስድ ነበር። ፍሮምሳ ደብተር አውጥቶ ወጪያችንን ይደምር ጀመር። እኔም ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ እንዲፈሩ ያደረጋቸው ደላላው ሲሆን፣ ለደላላው አምስት ሳምንት የሰጡት እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍርድዎ። አቤት ልል ስመጣ ቀና ሳይሉ፣ "ከምዝገባ በፊት ያለው በስምምነት ነው። በአዲሱ ዋጋ ተስማሙና ኑ፣ እናጸድቅላችኋለን" አሉኝ። አልተስማማንም፤ መክፈል አንችልማ። በሳምንቱ ነገራ ያመጣቸው አራት ተማሪዎች በእጥፉ ዋጋ ሲዋዋሉ እኔም ቁልፉን እዚያው ለአዴ ኡርጌ ላስረክብ ቢሮዎ መጥቼ ነበርና አየሁ። ያን ቀን ሲስተሙ ነበር፤ እርስዎም ነበሩ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ክቡር ሆይ፣ ሥራዬ መግል ማጠብና ትውከት መጥረግ ነው፤ ብዙ ነገር ሳልሸሽ አያለሁ። ያ ማኅተም እጥፉን ዋጋ ሕጋዊ አድርጎ ሲያርፍ ግን ማየት አልቻልኩም፤ ውጪ ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ከዚያስ ምን ሆንን ብለው አይጠይቁኝም እንጂ ልንገርዎ። ጎጆ በምትባለው ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለመምህራን ማደሪያ ይሰጣል ሲባል ፍሮምሳ ዝውውር ጠየቀ፤ ልጃችንንም ይዞ ሄደ። እኔ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እዚሁ ቀረሁ። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ብርድ በየሁለት ሳምንቱ ሄጄ አያቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ለመመለስ ቦርሳዬን ሳነሳ አመለሸጋ እስከ በሩ ሸኘችኝና፣ አባቷ እንግዳ ሲሸኝ የምትሰማውን ይዛ፣ "ስለመጣሽ እናመሰግናለን፤ ሌላ ጊዜም ነይ፣ እሺ?" አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? መኪናው ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ገበያ ይዘዋቸው ስለሚሄዱት በጎች ሲያወሩኝ፣ አንዲት ቃል ሳልሰማ ጊንጪ ከተማ ደረስን።

አራቱ ተማሪዎች ክረምት ሲገባ ለቀቁ። ባለፈው ሳምንት አዴ ኡርጌ ደም ግፊታቸውን ሊለኩ ጤና ጣቢያ መጡ። ክንዳቸውን ስጠቀልል፣ "ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ በድሮው ዋጋ ተመለሺ፣ ግቢው ጭር አለብኝ" አሉኝ። የፍሮምሳ ዝውውር እንደማይመለስ ነገርኳቸው። ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ ነበር። መድኃኒቱን ጻፍኩላቸውና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ጫማ አውልቀው በሚገቡበት የራስዎ ቤት፣ የልጆችዎን ድምፅ እየሰሙ፣ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከልቤ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣ የቀድሞ የአምቦ ቤተሰብ፣ የአሁን የአንድ አልጋ ተከራይ፣
ነርስ ሮዛ ገቢሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። በሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ክፍያ እንዳለው፣ ታሪፉም ከዚህ ወር ጀምሮ እጥፍ መሆኑን ሠራተኞችዎ በትህትና አስረድተውኛል። ስለዚህ ከአጥርዎ ውጪ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ለጥፌዋለሁ። እባክዎ ሳያነቡት እንዳያስገነጥሉት፤ ምሰሶውንም ካከራዩት ግን አስቀድመው ይንገሩኝ።