መጋረጃ ያለበስኩት መደገፊያ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

በስልክም ሆነ በደብዳቤ ከሁሉ አስቀድመህ የምትጠይቀኝ ስለ ጎረቤታችን ስለ እማማ አዋላጅ ነውና ከእሳቸው ልጀምርልህ። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር፤ አሁን በሁለት ክራንች ደጃቸው ድረስ ይወጣሉ። ሐኪሙ «ቀስ እያሉ ይራመዱ» ቢላቸው «አንተን ያወጣሁህ ቀስ እያልኩ መሰለህ?» አሉት አሉ፤ ለካ እሱንም ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ትልቋ ልጃቸው መንታ ሴቶች ወልዳለች። እሳቸው አልጋ ላይ እያሉ የልጅ ልጆቻቸው በሌላ ሰው እጅ በመወለዳቸው እስካሁን አኩርፈዋል፤ «እንብርታቸውን አይቼዋለሁ፣ የጀማሪ አቆራረጥ ነው» ይላሉ። ትንሹ ልጃቸው ደግሞ ሥራ ይዞ ጢም አሳድጓል፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ ማን እንደሆነ ጠፍቶኝ «አቤት ጌታዬ» አልኩት።

አንተስ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ከሕመሟ በደንብ አገገመች? ልጆቹስ፣ ያ ስልክ ላይ ሲያወራ ትንፋሽ የማይወስደው ትንሹስ? ብርዱ ገባባችሁ ወይስ ገና ነው? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። ሌላውን ነው የምጽፍልህ።

እንዲህ ዙሪያውን የምዞረው ለምን እንደሆነ ሳይገባህ አይቀርም። የእህታችን ልጅ፣ ፌንጣችን፣ ከሄደች ከነገ ወዲያ ሐሙስ ሰባት ሳምንት ይሞላታል። በስልክ የነገርኩህ ግማሹን ነው። ያን ቀን አንተም ታለቅስ ነበር፣ መስመሩም ይቆራረጥ ነበር፣ እኔም ግማሹን መናገር ቀሎኝ ነበር።

መቀመጥ አቅቶኛል ወንድም ጋሼ። ስፌት መኪናዬ ፊት እቀመጣለሁ፣ ፔዳሉን ሁለቴ ረግጬ እነሳለሁ። በቀደም የአንዱን ሰውዬ ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍቼ ሰጠሁት፤ ቤቱ ወስዶ ሊለብሰው ሲል ነው ያወቀው። ደግ ሰው ስለሆነ ሳቀ። በየሄድኩበት ሁሉ መደገፊያ ሳልነቀንቅ አላልፍም። ደረጃ ካለ የደረጃውን፣ በረንዳ ካለ የበረንዳውን፣ የመስኮት ፍርግርግ እንኳ አይቀረኝም። ለልጅቷ ጉዳይ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የተጠራሁ ቀን የደረጃውን ብረት ይዤ ስወዘውዝ ዘበኛው «እናቴ፣ ልትገዢው ነው?» አለኝ። «ልጆች ይወጡበታል ወይ?» አልኩት። «ልጅ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን እስከ ላይኛው ፎቅ ሳልነቀንቅ አልሄድኩም።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ጊዜው ረፋድ ላይ ነበር። የእህታችን ባል፣ ሾፌሩ፣ በጠዋት ሥራ ወጥቷል። እህታችን ምድር ቤት ሕፃኑን እያጠበች ነበር፤ እጇ ሳሙና፣ ልጁ ውኃ ውስጥ። እኔ ላይ ክፍሌ ውስጥ እሰፋለሁ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ከመኪናዬ እስከ በረንዳው አምስት እርምጃ አይሞላም። ፌንጣ በረንዳው ላይ ትጫወት ነበር። እማማ አዋላጅ በክራንች ወደ ደጅ ሲወጡ ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነበር። ልጅቷ ከላይ አየቻቸውና «እማማ አራት እግር! እማማ አራት እግር!» እያለች ጮኸች። እሳቸውም አንዱን ክራንች ወደ ላይ አንስተው «ቆይ፣ መጣሁልሽ!» አሏት። እሷ እየተንከተከተች በደንብ ልታያቸው መደገፊያው ላይ ተደገፈች። እኔ ሳቋን ሰምቻለሁ። ከዚያ መኪናዬን አስኬድኩት፣ ከዚያ የእማማን ጩኸት ሰማሁ። የቀረውን አልጽፈውም። ቀና ብል ኖሮ አያት ነበር፤ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር።

መደገፊያውን ታውቀዋለህ። አባባ ራሱ ልጎ፣ ራሱ ገጣጥሞ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር የሠራው የመጨረሻ ሥራው ነው። ከሞተ ወዲህ አባባ የሠራውን ነገር ያለ አንተ ፈቃድ የነካ የለም። ቁም ሣጥኑ አንድ በሩ ከወደቀ አራት ዓመቱ ነው፤ ግድግዳ አስደግፈነዋል። እንግዳ ሲጠይቀን «የታላቃችን ነገር ነው፣ እሱ ሲመጣ» እንላለን። ኩራት መሆኑ ነው እኮ። ሩቅ አገር ታላቅ ያለው ቤት መሆናችንን ማሳወቃችን ነው።

ካቻምና ዝናቡ ሲበረታ የግራው ቋሚ ከሥሩ መበስበስ ጀመረ። ደወልኩልህ። «አባባ የሠራውን ማንም እንዳይነካው። ስመጣ ራሴ እሠራዋለሁ፣ የእሱን መላጊያ እንኳ ወደዚህ ይዤው ነው የመጣሁት» አልከኝ። ስለ መላጊያው ስታወራ ድምፅህ ሞቅ ብሎት ነበር፣ እኔም ደስ አለኝ። በዚያ ዓመት ሥራ ያዘህና አልመጣህም። በሚቀጥለው ባለቤትህ ታመመች። እኔ አልከስህም። የሆነውን በቅደም ተከተሉ መጻፌ ነው።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ። አምና፣ ልጅቷ ከመሞቷ ከአራት ወር በፊት፣ ሾፌሩ ሁለት ጣውላና አንድ ከረጢት ሚስማር ተሸክሞ መጣ። «እቴቴ፣ ይቺ ልጅ መዝለል አብዝታለች፣ ዛሬ ላጥብቀው» አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ከለከልኩት። «አማች በአባታችን ቤት ሚስማር ሲመታ ወንድም ጋሼ ቢሰማ ምን ይለኛል?» አልኩት። የሱ ፊት እንዴት እንደሆነ አየሁት፤ ቢሆንም ከበሩ አልተነሳሁም። ጣውላዎቹን ከወጥ ቤቱ በር ኋላ አቆማቸው። ዛሬም እዚያው ቆመዋል። መጥረጊያ ላነሳ በሄድኩ ቁጥር አያቸዋለሁ።

እህታችን ደግሞ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው «እሺ፣ በቃ አበጀዋለሁ» አልኳት። ምን ያደረግሁ ይመስልሃል? የማውቀውን አደረግሁ። ቋሚውን በሸራ መስፊያ ወፍራም ክር ጠፍሬ አሰርኩት፣ ከላዩ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አበባ ያለው መጋረጃ ሰፍቼ አለበስኩት። እጥፋቱ ቁጥ ቁጥ ያለ፣ ቅምቅማቱ የማይታይ። የመጣ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ብስባሹን ያየው ሰው የለም፣ እኔም ራሴ ረሳሁት። ፌንጣ በፊት ያን መደገፊያ ትፈራው ነበር ወንድም ጋሼ። «አክስቴ፣ ይሄ ጥርሱ ይነቃነቃል» ትለኝ ነበር። መጋረጃው ከለበሰ በኋላ ግን ፍርሃቷ ለቀቃት። «በረንዳው ቀሚስ ለበሰ፣ እኔስ?» ስትለኝ ከተረፈው ጨርቅ ለእሷም ሰፋሁላት። ያን ዕለት የለበሰችው እሱን ነበር።

የነገርኩህ ቀን እያለቀስክ «እናቷ የት ነበረች?» አልክ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሰው ሲደነግጥ አፉ ላይ የመጣለትን ይላል። ግን አጎታችን አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር። ያቺ ቃል ከስልኩ ወጥታ ቤቱን ሁሉ ዞረች። ለማጽናናት የመጣው ሰው እንኳ እህታችንን እያቀፈ «የት ሄደሽ ነው ግን?» ይላት ጀመር።

ከጽሕፈት ቤቱ ነገሩን እንድታጣራ የተመደበች ሴት አለች፤ ከክንዷ ሥር ፋይል ስለማይጠፋ ባለ ፋይሏ እንላታለን። የቤቱ ኃላፊ ማን እንደነበረና አደጋው በምን እንደደረሰ ቤተሰቡ በጽሑፍ እንዲመልስ ጠየቀች። አጎታችን ሁላችንንም ሰብስበው «ታላቃችሁም ይህንኑ ጠይቋል» ብለው ያስጻፉትን አነበቡ፦ አደጋው የደረሰው እናቲቱ ልጇን ያለ ጠባቂ ትታ በመሄዷ ነው፤ ቤቱ ጉድለት አልነበረበትም። አንድ በአንድ ፈረሙ። እህታችን ጥግ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። «አንቺስ?» ሲሏት «እኔ ነኝ የተውኳት፣ አምጡ ልፈርም» አለች። ሾፌሩ ተነስቶ ወጣ። እስክሪብቶው እኔ ጋ ሲደርስ መነጽሬን ረስቻለሁ አልኩ። መነጽሬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አጎታችን አይተውታል።

ኋላ ለብቻዬ ጠሩኝና «እሷ እናት ናት፣ ይራሩላታል። ወንድምሽን ግን ከዚያ ድረስ ጠርተው ያንከራትቱታል። አባትሽስ በመቃብሩ፣ የእጁ ሥራ ልጅ ገደለ ይባል?» አሉኝ። «አባባ ቋሚውን ሲተክለው ደረቅ እንጨት ነበር፤ ያበሰበስነው እኛ ነን» አልኳቸው። አፌ እንዲህ መናገሩን ሰምቼ እኔም ደነገጥኩ። ባለ ፋይሏን ስጠይቃት ደግሞ ያ ወረቀት ከገባ ክሱ በእህታችን ላይ እንደሚከፈት፣ ሕፃኑም እጇ ላይ ይቆይ አይቆይ እንደሚታይ ነገረችኝ። አጎታችን ይህን አያውቁም ነበር፤ ስነግራቸው መቁጠሪያ የጠፋባቸው ይመስል ጣቶቻቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩ፣ «ቢሆንም» ብለው ሄዱ።

ባለ ፋይሏ ሐሙስ ትመለሳለች። እኔ አልፈርምም። ጣውላዎቹን አሳያታለሁ፣ መጋረጃውንና ክሩን አወጣላታለሁ፣ ማን እንዳሰረው፣ ማን በር ላይ ቆሞ እንደከለከለ እነግራታለሁ። አንተ ያልከኝንም እነግራታለሁ፤ ከጀርባህ እንዳይሆን ነው ይህን መጻፌ። ደብዳቤው ሳይደርስህ ሐሙስ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። በዚህ ሳምንት ሦስቴ ደውዬልህ ድምፅህን ስሰማ ስለ አየሩ ጠይቄህ ዘጋሁት። ብዕር ይሻለኛል፤ ብዕር ላይ አታለቅስብኝም።

«የሁላችን ቤት ነው» እየተባባልን ነው ያደግነው። ቋሚው ሲበሰብስ ግን የአንተ ሆነ፣ ልጅቷ ስትወድቅ የእናቷ ሆነ። አምስት እርምጃ ላይ የነበርኩትስ እኔ? ቤቱ የእኔ የነበረው በየትኛው ቀን ነው? ይህንን እያሰብኩ ነው የምነሳው የምቀመጠው። አንተም የድርሻህን ጻፍ። ለአጎታችን አትጻፍ፣ ለእህታችን ጻፍላት። ያን «የት ነበረች» ያልከውን አንተው ራስህ መልሰው።

ለባለቤትህ የእህት ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ራሷን ትጠብቅ። ትልቋን ልጅህን በትምህርቷ በርቺ በልልኝ። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። ከዚህ አጎታችን ሰላም ብለውሃል፤ በእኔ ቅር መሰኘታቸውን ግን አልደብቅህም። ሾፌሩ ሰላም ይልሃል። ሕፃኑ ሁለት ጥርስ አወጣ፣ የያዘውን ሁሉ ይነክሳል።

እዚህ ላይ ልዘጋው ስል ሰው መጣብኝ። እማማ አዋላጅ አሥራ አራቱን ደረጃ አንድ በአንድ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ወጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ተቀመጡና «ያን ክራንች ባላነሳው ኖሮ እኮ» አሉኝ። ሰባት ሳምንት ይህን ይዘው ኖረዋል ለካ። «እማማ፣ ቋሚውን በክር ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ክራንቻቸውን አንስተው ተነሱ። «እንግዲያው ሐሙስ እኔም እመጣለሁ፣ ያየሁትን እናገራለሁ። ደረጃውን እንደሆነ ለምጄዋለሁ» ብለው ቁልቁል እየቆጠሩ ወረዱ።

እሳቸው እንደሄዱ እህታችን መጣች። ከዚያን ዕለት ወዲህ እኔ ክፍል ገብታ አታውቅም። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤውን አይታ አነሳችው፣ እኔም አልከለከልኳትም። ቆማ አነበበችው። የመጋረጃው ጋ ስትደርስ ተመልሳ ደገመችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ስታስሪው አይቼሻለሁ። እኔም ተሠራልኝ ብዬ ተውኩት» አለች። ቀጥላ «ሐሙስ አጠገብሽ ልቀመጥ ፊት ለፊትሽ ገና አላውቅም። ግን እኖራለሁ» አለችኝ። «ለወንድም ጋሼ ሰላም ብላሃለች ልበለው?» ብላት «አትበይ» አለች።

በሩ ጋ ደርሳ ግን ተመለሰች። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው?» አለችኝ። አምስተኛ ነው አልኳት። «በረንዳ አለው?» አለች። አለው አልኳት። «እንግዲያው ይህን ጻፊለት» አለችኝ። «ዛሬውኑ ወጥቶ መደገፊያውን በገዛ እጁ ይነቅንቀው። የሚነቃነቅ ከሆነ ማንም እስኪመጣ አይጠብቅ።»

እህትህ፤
ከአባባ ቤት፣ ከላይኛው ክፍል
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን