ያልነካሽው የኪኒን ሳጥን

ውድ እህት ዓለም፣

የስልክ ቁጥርሽን ስለቀየርሽ ይህን በመሥሪያ ቤትሽ አድራሻ ልኬዋለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ለእማዬ የልብ ኪኒን የሠራሁት ሳጥን ትዝ ይልሻል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጮሆ ክዳኑን ይከፍታል። ሁለት ዓመት ኪኒኗን በእጅሽ ስትሰጪ ከርመሽ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ስትሄጂ፣ "ሳጥኑን አምነሽ ሂጂ" ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለእማዬም ሳይጮህ እንዳትነካው አስጠንቅቄያት ነበር። እሷም ሦስት ቀን ሙሉ ይጮኻል ብላ ስትጠብቅ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች።

ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ቆሜ "ሳትሄጂ ነካክተሽው ነው" አልኩሽ። እማዬ አመነችኝ፤ የሙያው ሰው እኔ ነኛ።

በሳምንቱ ሳጥኑን ፈታሁት። ስሕተቱ የኔ ነበር። ውስጡ ዋችዶግ የምንለው ጠባቂ አለ። ፕሮግራሙ በየሁለት ሴኮንዱ "አለሁ" ይለዋል፤ ዝም ካለ ጠባቂው ማሽኑን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። እኔ ግን "አለሁ" ማለቱን ለዋናው ፕሮግራም ሳይሆን በራሱ ለሚሮጥ ትንሽ ቆጣሪ ሰጠሁት። ዋናው ከሰዓቱ ቺፕ መልስ ሲጠብቅ ተቸክሎ ቀረ። የአላርሙ ሰዓት ቢደርስም የሚያስጮኸው የለም፤ ቆጣሪው ግን "አለሁ፣ አለሁ" ይላል። እኔም ሳጥኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ስትል እያየሁ ደህና ነው ብዬ አልፍ ነበር። ጀማሪ ሲሳሳተው የምስቅበት ነገር ነው።

ያኔውኑ ልደውልልሽ ስል አፈርኩ። ነገ፣ ነገ እያልኩ ስምንት ወር ሆነ። ለእማዬ ስትደውዪላት እንደማታነሳልሽ እያየሁ ዝም አልኩ። አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። እሷ ስምሽ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች፣ እኔ ሳህኔን አያለሁ። አብሮ እየበሉ እንዲህ ብቸኛ መሆን እንዳለ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። ኪኒኑን መዳፏ ላይ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

"ስምንት ወር ሙሉ ልጄን ያኮረፍኳት በከንቱ ነው?" አለችኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትይኝ እውነትሽን ነው። አዲሱን ቁጥርሽን እንደማላውቀው ስነግራት ስልኳን አስመጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ጻፍላት። እኔ ከዚህ አልነሳም" አለች።

ለኔ አትደውዪ፤ ይቅርታሽንም ገና አልጠይቅም። ለእሷ ደውዪ። ቁጥሯ የድሮው ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ታነሳዋለች።

የበደለሽ ወንድምሽ