ክብ ያለበትን አታንብብ

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስሜ የለም።

ወረቀቱ የተለጠፈው መናኸሪያው በር ላይ ነው። «የድሮ ፊልሞች እሑድ ከሰዓት በጎባ። አዘጋጅና አቅራቢ፦ መምህር ዳዊት። የክብር እንግዳ፦ አቶ ቃሲም፣ የቀድሞው የጎባ ሲኒማ ባለሙያ።» ከሥሩ ለዚህ እሑድ አዳራሹን የሰጠን የጎባ ሆቴል ስም፣ ከሁለቱም ስም በገዘፈ ፊደል።

ስሜን ተለጥፎ ለማየት የምጓጓ ሰው አይደለሁም። ከሦስት ወር በፊት ከመምህር ዳዊት ጋር እዚህ ሮቤ፣ ባዶ የስንዴ መጋዘን ውስጥ ፊልም ማሳየት ስንጀምር «አንተ ተናገር፣ እኔ እጽፋለሁ» ያልኩት እኔው ነኝ። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው የሚያውቀኝ የስፌት መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው። ግን ፊልሙን የምመርጠው እኔ ነኝ። እንግዳውን ቤቱ ድረስ ሄጄ የምለምነው እኔ ነኝ። ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት ፊልሙ የቱ ጋ እንደሚቆም አስቀድሜ የማየው፣ ሰጋጆቹ ተመልሰው ሳይቀመጡ የማላስጀምረው እኔ ነኝ። አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር። «ከእትዬ አየለች ጋር» ብቻ።

መዲና አብራኝ ነበረች። ቅመም ነጋዴዋ ጎረቤቴ፣ እሑድ እሑድ የፊተኛውን አግዳሚ ማንም እንዳይቀማት ቀድማ የምትመጣው። እንዳነብላት ጠየቀችኝ፣ አነበብኩላት።

«አንቺስ የታለሽ?»

«ቦታ አልበቃ ብሏቸው ይሆናል።»

«ወላሂ አዴ አየለች፣ አንቺ ቀጭን ነሽ፤ የትም ትገቢ ነበር።»

ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

መምህር ዳዊት ደብተሬን አልመለሰም። ለታይፕ ብሎ ከወሰደው አሥር ቀን ሆኖታል።

ደብተሩ ያለኝ ትምህርት ሁሉ ነው። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የገለበጥኩት፣ ከሬዲዮ የሰማሁት፣ ከሽማግሌዎች የጠየቅሁት። ፊደል የቆጠርኩት ጎባ ሲኒማ ወለል ላይ ነው። በልጅነቴ እጠርግ ነበር። የተቀደደ ትኬት፣ የፖስተር ቁራጭ፣ ኦቾሎኒ የተጠቀለለበት ወረቀት አይጣልም፤ ለጋሽ ቃሲም አመጣላቸዋለሁ። የሲኒማውን ማሽን የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ነበሩ። ቁራጮቹን እየገጣጠሙ ፊደሉን ይነግሩኛል። ስሜን ትተው «ወረቀት» ነበር የሚሉኝ። «ወረቀት፣ ዛሬ ምን አገኘሽ?»

ቁራጭ ወረቀት ግን ሁሌም የሆነ ቦታ ይጎድለዋል። ለዚህ ነው ልማዴን ያወጣሁት፤ ያላረጋገጥኩትን ነገር ስጽፍ ጎኑ ላይ ትንሽ ክብ አደርጋለሁ። ክብ ካለበት ሰው ፊት አይነገርም፣ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ይቆያል። መምህር ዳዊት ይህን አሳምሮ ያውቃል። የመጀመሪያው ቀን ነግሬዋለሁ፤ «ክብ ያለበትን አታንብብ» ብዬ። «እትዬ፣ እርስዎ ካስተማሩኝ ሁሉ ይበልጣሉ» ነበር ያለኝ።

የነገው ፊልም ድሮ ጎባ የታየ ጥቁርና ነጭ የሕንድ ፊልም ነው። አንድ ሽማግሌ የባቡር ጣቢያ ጠባቂ፣ የጠፋ ልጁ በአንዱ ባቡር ይመጣል ብሎ በየምሽቱ ፋኖስ ያበራል። ጎባ ሲታይ መጨረሻው አልታየም ነበር። እኔ ያኔ ገና ሲኒማ ቤቱን አላውቀውም። ለምን እንዳልታየ ሦስት ዓይነት ወሬ ሰምቻለሁ። መብራት ጠፍቶ ነው። ከላይ ተከልክሎ ነው። ሦስተኛውን እዚህ ባልደግመው ይሻላል። ሦስቱንም ጽፌ ሦስቱንም ክብ አድርጌባቸዋለሁ። ነገ ቀደም ብዬ ደርሼ ጋሽ ቃሲምን ለብቻቸው እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው ወር ልጋብዛቸው ቤታቸው ስሄድ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ድምፄን ግን ወዲያው ለይተውታል። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ!

ለመምህር ዳዊት ደወልኩ። «ነገ ይዤው እመጣለሁ እትዬ፣ አይጨነቁ» አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆምን። እኔና መዲና ስንደርስ ሰው ሁሉ ተቀምጧል፣ ጋሽ ቃሲምን መጠየቅ አልቻልኩም። ከኋላ ተቀመጥን። እሳቸው ከፊት ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ ሴት ልጃቸው በጎናቸው፣ የመስጊድ ባልንጀሮቻቸው ከኋላቸው።

መምህር ዳዊት ከረባት አስሮ ተነሣና ከታይፕ ወረቀት ማንበብ ጀመረ። ቃሉ የእኔ ነው። ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ እንኳ የእኔ ነው። ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ሲሰማ ሳየው፣ ስሜ ባይኖርም ይሁን፣ ጥሩ ጽፌያለሁ አልኩ በልቤ። እንዲህ ማሰቤ አሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ያንን አነበበው።

«ይህ ፊልም እዚሁ ጎባ ሲታይ መጨረሻው አልታየም። ለምን ቢሉ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ጠጥቶ የፊልሙን ጥቅል አቃጥሎት ነው!»

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። የሚሳቅበት ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ ቀድመው ያስታወሱት ከፊት ያሉት ናቸው፤ ሳቁ ከእነሱ ጀምሮ ወደ ኋላ ጠፋ። ጠጪ የተባሉት ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰላት ያልዘለሉ ናቸው።

ጋሽ ቃሲም በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «አስተግፊሩላህ» አሉ፤ አልጮኹም። «ልጄ፣ ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

መምህር ዳዊት ወረቀቱን አየ። ሰውን አየ። «የጻፉት እትዬ አየለች ናቸው። እኔ የእሳቸውን ነው ያነበብኩት።»

በሦስት ወር ውስጥ ስሜ ሰው ፊት ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ቃሲም ወደ ኋላ ዞሩ፣ በማያይ ዓይናቸው ፈለጉኝ። «ወረቀት? አለሽ እዚህ?»

መዲና ጎኔን ጎሰመችኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ አስወጣቻቸው።

ፊልሙ ተጀመረ። የዐስር ሰላት ደረሰ፣ ማንም አላቆመውም። ሰጋጆቹ በጨለማ የሰው እግር እየረገጡ ወጡ። እኔም ከኋላቸው ወጣሁ። ደብተሬን አልሰጠኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

መጣ። መምህር ዳዊት፣ ደብተሬንና ብርቱካን ይዞ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ታይፕ ያደረገችው ልጅ ናት እትዬ፣ የክቡ ነገር አልገባትም» አለ።

«የታይፑን ወረቀት ስጠኝ» አልኩት። ማቅማማቱን አየሁ። ሰጠኝ።

ከሄደ በኋላ ደብተሬንና ወረቀቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ በጣቴ መስመር በመስመር ሄድኩ። በዚህ ፊልም ላይ ሰባት ቦታ ክብ አድርጌያለሁ። ስድስቱ ታይፑ ላይ የሉም። መብራት ጠፍቶ ነው የሚለው የለም፣ ተከልክሎ ነው የሚለው የለም። የስካሩ ወሬ ብቻ አለ። እኔ «ይባላል» ብዬ ነበር የጨረስኩት፤ «ይባላል» ተቆርጧል።

ክቡ ያልገባት ልጅ ስድስቱን እንዴት አወቀቻቸው? ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሰባት ቁልፍ ስድስቱ ተፈትተው አንዱ ሲቀር፣ የሰው እጅ እንደገባበት አውቃለሁ።

የመምህር ዳዊት እናት የሞቱ ጊዜ ለቤተሰቡ ሁሉ ጥቁር ልብስ በአንድ ቀን ሰፍቼ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ለምን ይህን ጻፍኩ? እንጃ። መጣብኝ።

መዲና ብርቱካኑን አየችው። «ካልበላሽው ስጪኝ። ብርቱካኑ እንኳ ምንም አላደረገሽም።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ደወልኩለት። «ስድስቱን ማን አወጣቸው?» አልኩት።  

«ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው እትዬ። የሆቴሉ ሰዎች ነገሩ ደረቅ እንዳይሆን ብለው ሲወተውቱኝ… እሳቸው መሆናቸው አልታሰበኝም።»

«የክብር እንግዳ ብለህ ለጥፈሃቸው?»

«እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ግን የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ አይደለም እንዴ?»

ስልኩን ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ ይቺ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ነበረች። ውሸት ብትሆን ይቀለኝ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእጄ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ወሬውን ስሰማ ያኔውኑ ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። ጎባ ሩቅ አይደለም። ጽፌ አስቀመጥኩት፤ ክብ አድርጌበታለሁ ብዬ ንጹሕ መሰለኝ።

ጋሽ ቃሲም «ወረቀት ስለ እኔ እንደዚያ ታስብ ነበር» ብለው ከሞቱስ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጎባ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። «አባባ ተኝተዋል» አለች፤ ግቢ አላለችኝም። ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ማናት?»

አሁንም ምላሴ ሊታሰር ነበር። «ወረቀት ነኝ!» አልኩ። ከሚገባው በላይ ጮኼ መሆን አለበት፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ።

ገባሁ። ደብተሩን ዘርግቼ ገጹን ገለጥኩ፤ ግን ማየት አይችሉም። እስክሪብቶ ስይዝ ስለምጫን የጻፍኩት ከወረቀቱ ጀርባ ያብጣል። ገጹን ገልብጬ ጣታቸውን ክቡ ላይ አስቀመጥኩት። ዞሩት። እንደገና ዞሩት።

«ምንድነው ይሄ?»

«አላውቅም ማለት ነው ጋሽ ቃሲም። እርስዎን እስክጠይቅ ድረስ።»

«ታዲያ ጠይቂኛ!»

ጠየቅኳቸው። ሲመልሱ እንዲህ አሉኝ፤ እንዳልረሳው ሚኒባስ ውስጥ ጽፌዋለሁ።

የመጨረሻው ጥቅል አውቶቡስ ላይ ሳይጫን ሻሸመኔ ቀረ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ከጊኒር ድረስ የመጣ ሰው አለ። ጋሽ ቃሲም ከማሽኑ ክፍል ወርደው ነጩ ሸራ ፊት ቆሙና መጨረሻውን ከራሳቸው ፈጥረው ተናገሩ። «ባቡሩ ቆመ፣ ልጁም ወረደ አልኳቸው። ምን ላድርግ? ሽማግሌው ያን ሁሉ ፋኖስ አብርቶ!» ሰው አለቀሰ፣ አጨበጨበ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ጥቅሉ በሳምንቱ ደረሰ። ለብቻቸው አዩት። ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል። ጠቅልለው መለሱት፣ ለማንም አልተናገሩም።

«ጥቅሉ የት ደረሰ ሲሉኝ ዝም አልኩ። ዝም ስል ጊዜ ጠጥቶ አቃጥሎት ነው አሉ። ይበሉ፣ አልኩ። ቀጣፊ ከሚሉኝ እሱ ይሻል ነበር፣ ወይስ አይሻልም ነበር? አላህ ነው የሚያውቀው።» ከዚያ ሳቁ። «አንቺ ግን ጠርጥረሽኝ ነበር?»

«ትንሽ» አልኳቸው። መዋሸት አልቻልኩም።

«ትንሽ ከሆነ ደህና።»

እሑድ ሮቤ መጋዘናችን ያንኑ ፊልም ስናሳይ ይመጡ እንደሆን ጠየቅኳቸው። «ያ መምህር ከተናገረ አልመጣም» አሉ። አይናገርም አልኳቸው። «ማን ሊናገር ነው ታዲያ?»

ደብተሬን አጥፌ ተነሣሁ። ልጃቸው እስከ በር ሸኘችኝ፤ መጀመሪያ ላይ ያልሰጠችኝን እጅ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መኪናዬ ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። የነገ ነገር፦

መጋዘኑ። ባለቤቱ ስንዴው መግባት ጀምሯል፣ የመጨረሻችሁ ይሆናል ብሏል።

ፊልሙ የሚያርፍበትን አንሶላ ማጠብ። ታጥቧል።

ፊልሙ ለሰላት የሚቆምበት ቦታ። ሽማግሌው ፋኖሱን ሲወለውል።

የምናገረው። አራት ዓረፍተ ነገር። ሁለቱ ጠፉብኝ።

መምህር ዳዊት መምጣት ይችል እንደሆን በመልእክት ጠየቀኝ።  ቀጥሎ፣ «ሰው ፊት ይችላሉ ግን እትዬ?» አለ። ለእኔ አስቦ ይሁን ሊያስፈራኝ፣ መለየት አቃተኝ። ድሮ እለይ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጋሽ ቃሲም መጡ። ከልጃቸው ጋር፣ በዚያው ነጭ ኮፍያ። ከግድግዳው ጥግ የተቆለለው ጆንያ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል።

ቆምኩ።  የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለራሴ ተናገርኩት መሰለኝ፤ መዲና ከፊት ሆና «ጮክ በይ እንጂ! ለመኪናሽ ነው የምታወሪው?» አለች። ሰው ሳቀ። ሳቁ ረዳኝ።

«ባለፈው ሳምንት ጎባ የተነበበው ወሬ ነው፣ እውነት አይደለም» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት። ጋሽ ቃሲም፣ ሰው ፊት ነው የተሰደቡት፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።» አራተኛው ዓረፍተ ነገር እስካሁንም አልተገኘም። ተቀመጥኩ። ጋሽ ቃሲም በከዘራቸው ወለሉን ሁለቴ መቱ። ድሮ ፊልም ሊጀምሩ ሲሉ ግድግዳውን እንዲህ ነበር የሚመቱት።

ለሰላት አቆምን፣ ሁሉም ተመለሱ፣ ቀጠልን። መጨረሻው ደረሰ። ባቡሩ ሳይቆም አለፈ። ሽማግሌው ፋኖሱን እንደያዘ ቀረ።

 ከዚያ ከጆንያው ላይ አንድ ከጎባ የመጡ አዛውንት ብድግ አሉ። ተቆጥተዋል። «ይሄ ተቆርጧል! ልጁ ወርዷል እኮ! እኔ ጎባ በዓይኔ አይቻለሁ! ቀይ ሸማ ነበር አንገቱ ላይ!»

ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው።

ጋሽ ቃሲም እስኪያስላቸው ሳቁ። ተነሡና ነጩ አንሶላ ፊት ቆሙ። «ሸማውን ረስቼው ነበር» አሉ፣ «እውነትህን ነው፣ ቀይ ነበር።» ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ሻሸመኔን፣ ጥቅሉን፣ ለብቻቸው ያዩትን። አዛውንቱ ግን እስከ መጨረሻው አላመኑም።

ደብተሬ ላይ ከሦስቱ ወሬ ሥር እውነቱን ጽፌ ክቦቻቸውን በእስክሪብቶ ሞላሁ፤ አሁን ነጥብ ሆነዋል። ሌሎቹ አራቱ አሁንም ባዶ ናቸው።

መጋዘኑ ከነገ ጀምሮ የስንዴ ነው። የት እንደምንሄድ አላውቅም። መዲና ቅመም መጋዘኗን እያየችው ነው፤ ሰው እያስነጠሰ ያያል ብላ።

ስገባ ስልኬ ላይ የመምህር ዳዊትን መልእክት አገኘሁ። ለነገሩ እዚሁ ልጻፈው።

መምህር ዳዊት በዚህ ሳምንት ጎባ ሄዶ ጋሽ ቃሲምን ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። ○