ምግብ የማይቀርብላቸው እንግዶች

መስከረም ፯፣ ጠዋት

ቡታጅራ ሌሊቱን ሲዘንብባት አደረ። ጎመኑ ገና አልተቆረጠም። እማማ፣ የባሌ እናት፣ ከአልጋቸው ሳይነሱ የመስቀሉን ድግስ ያዝዙኛል፦ ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን በቅቤ፣ ነጩ ቆጮ። ቅቤው በኮሰረት ይነጠር ይላሉ፣ ልጃቸው፣ ባሌ ወ/ማርያም እንደሚወደው። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ ለማን እንደምደግስ አላውቅም። ባሌ አ.አ. ነው። ከየካቲቱ ጭፍጨፋ ወዲህ ድምፁ የለም።

መስከ. ፱

በሬው ሄደ። የጥልያን ወታደሮች ባንዳ አስከትለው መጡ፣ ከደጅ ፈትተው ነዱት።  እማማ ሰምተው ቅርጫ ግቢ አሉኝ። በምኔ? እንግዲህ ክትፎ ቀረ። ጎመንና አይብ ብቻ። ጎመኑን ክትፎ ብለን እንጠራዋለን አልኳቸውና ሳቅን። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

መስከ. ፲፩፣ ከገበያ መልስ

በርገናን አየሁት። የወ/ማርያም ሸሪክ፣ አ.አ. አንድ ሱቅ ነው የሚሠሩት። ከመጣ ሰንብቷል አሉ። ሲያየኝ ወደ ጨው ሻጮቹ ዞረ። ተከተልኩት፣ አጣሁት። እኛ ዘንድ ከአ.አ. የመጣ ሰው እግሩን ሳይታጠብ ነው የሰው አደራ የሚያደርሰው። እኔን ምን ብሎ ይሸሸኛል?

መስከ. ፲፫

ጎረቤቴ ትብለጥ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛ መጣች። አምና ለአንዲት ዶሮ ስትል የተጣላችኝ ሴት። አቀፈችኝ፣ ቶሎ አልለቀቀችኝም። ከሰዓት ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ነጋሽ፤ ከእኛ በሬ ድርሻሽ ተይዟል፣ አትጨነቂ አሉኝ። ዓይናቸው መሬት ላይ። ክትፎው ወደ ድግሱ ተመለሰ። እማማ በደስታ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው አጨበጨቡ።

መስከ. ፲፭

የንስሐ አባታችን መጡ። ጸሎት አደረሱ፣ እማማን ባረኩ፣ እኔን ደጅ ጠሩኝ። በመስቀል ማግስት ማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ብቅ እንላለን አሉ። ለስንት ሰው ላሰናዳ ብዬ ጠየቅኩ።

«ምንም አታሰናጂ ልጄ። ብቻ በበዓሉ እማማን በደንብ አብያቸው።»

«በርገናም አብሯችሁ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

ሽማግሌ በማለዳ። ምግብ የማይቀርብለት እንግዳ። መርዶ ነው። ባሌ የለም። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ በዓሉ እስኪያልፍ ነው የያዙልን። ቅቤውም፣ ሥጋውም፣ እቅፉም ለቅሶ ነበር።

መስከ. ፲፮፣ ከደመራ በፊት

ሥጋው መጣ። ስከትፍ ዋልኩ። ስከትፍ አይለቀስም፣ ቢላው ይስታል።

እማማ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉ። ሚጥሚጣው ነው አልኳቸው። ወ/ማርያም ነገ ይደርስ ይሆን አሉ። መንገዱ ጭቃ ነው አልኳቸው። እንግዲያስ ድርሻውን አስቀምጪለት አሉ። አስቀመጥኩ።

አሁኑኑ ልንገራቸው ይሆን? በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ መስቀል አያገኙ ይሆናል። አይሆንም። ነገ በሸክላው ጣባ አቀርብላቸዋለሁ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እበላለሁ። እውጣለሁ። ምርቃታቸውን አሜን ብዬ እቀበላለሁ፣ ልጄን በሰላም ያምጣልኝ ሲሉም አሜን።

ከነገ ወዲያ ግን ሽማግሌዎቹ ደጃችን ሳይደርሱ እነሳለሁ። እማማ ከሌላ ሰው አፍ አይሰሙትም። አልጋቸው ላይ ወጥቼ፣ አቅፌ ይዣቸው፣ እኔው እነግራቸዋለሁ።