ስብሰባው ሳይጀመር ያለቀው ቃለ ጉባኤ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ጌታዬ፣ ሰላምታዬ ከበር ሳይመለስ እስከ ቢሮዎ ድረስ ይግባልዎ። ጤናዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ በተለይ ጆሮዎን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና፣ ስለ እርስዎ በየክፍሉ የሚወራውን እርስዎ ብቻ ሳይሰሙት እንዳይቀሩ እሰጋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ስብሰባውን ጥለው ሲወጡ ግንባርዎን በመዳፍዎ ይዘው ነበር፤ ራስ ምታቱ እንደለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ያመመዎት በእኔ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የተደረገልኝን ውለታ የማልረሳ ሴት ስለሆንኩ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው።

ደብዳቤው የግቢው በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያውቀኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በዚህ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። በየቀኑ አሥራ ስምንት ክፍል ጠርጌያለሁ፤ በየቀኑ አሥራ ስምንት ሰሌዳ አጥፍቻለሁ፤ የማጠፋው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ በክፍል ቁጥር አሥራ አራት ለጎልማሳ ሴቶች ትምህርት ተከፈተ። ሰኞና ረቡዕ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ልጆቹ ሲወጡ እኛ እንገባለን። በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ ስጠርገው በኖርኩት ክፍል፣ ጉልበቴ የማይገባበት ዴስክ ላይ በጎን ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ዘንድሮ ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የክፍላችን ተወካይ ሆኜ የተማሪዎች ምክር ቤት ገባሁ። አሁን ተሽሬያለሁ። እስክሻር ድረስ የተደረገልኝን እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ተወካያችንን ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። ሌላው ቦታ ተማሪ ራሱ ይምረጥ እየተባለ ምስኪኑ በሐሳብ ይደክማል፤ እርስዎ ግን ይህን ድካም አስቀሩልን። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ክፍላችን በር ላይ ቆመው፣ ወደ ውስጥ እንኳን ሳይዘልቁ፣ በጣትዎ ወደ እኔ ጠቁመው «እማማ ይበቁናል፤ እማማ ሰው አያስቸግሩም» አሉ። አጨበጨብን። አጠገቤ የምትቀመጠው አትክልት ሻጭ በክርኗ ጎሰም አድርጋኝ «አንቺዬ፣ ሳትወዳደሪ አሸነፍሽ!» አለችኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ የገባኝ ኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሙናና መጥረጊያ በተረከብኩ ቁጥር አውራ ጣቴን ቀለም እያስነከሩ ያስፈርሙኝ ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎ ከፊቴ ይልቅ አሻራዬን ያውቀዋል። ወረቀት ሲቀርብላት ጣቷን የምትዘረጋ ተወካይ ከየት ትገኛለች? አንዲት ነገር ብቻ ዘነጉ፤ ክፍሉን መርቀው የከፈቱት እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ በክፍሉ ውስጥ የምንማረውም ማንበብ ነው።

ሁለተኛ። «የተማሪዎች ድምፅ» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ሰማያዊ የደረት ምልክት አመሰግናለሁ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች በመጡ ዕለት ምልክቱን አድርጌ ከፊት ተቀምጬ ፎቶ ተነሳሁ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር እንደሌለው ልትናገር እጇን ብታወጣ «ሰዓት የለንም» ተባለች። ለፎቶው ግን ሰዓት አላጣንም፤ ፀሐይ ስላስቸገረ ሦስት ጊዜ ተነሳን።

ሦስተኛ። ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላልና ይታገሱኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ለስብሰባ ተጠራን። ገና ወንበር ስበን ሳንቀመጥ ጸሐፊዎ ባለ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ፣ በኮምፒውተር ተተይቦ ያለቀለት፣ ለእያንዳንዳችን አደለች። ለልጆቹ እስክሪብቶ፣ ለእኔ የማኅተም ቀለም አቀረበች። እኔ መነጽሬን አወጣሁ።

እዚህ ላይ ጉድለቴን ልናዘዝ፦ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ ገና አልተማርኩም። አስተማሪያችን እሱ የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ነው ብላናለች። ስለዚህ እንደ ክፍላችን ልማድ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ፣ ጮክ ብዬ፣ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። «ስ-ብ-ሰ-ባ-ው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሰላም ተ-ጠ-ና-ቀ-ቀ።» ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ከአሥር ይላል። ልጆቹ ሰዓቱን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። እኔም ቀጠልኩ። «የጎልማሶች ክፍል ተወካይ የቀረበውን ሐሳብ በደስታ ደግፈው ሰፊ ምስጋና አቀረቡ።» እስከዚያች ደቂቃ ከአፌ የወጣው «እንደምን አደራችሁ ልጆች» ብቻ ነበር። የስምንተኛ ክፍሏ ተወካይ፣ አፏ የማይያዘው ልጅ፣ ከወንበሯ ተነስታ «እማማ፣ እኔስ ምን አልኩ? እስቲ ይፈልጉልኝ!» አለች። ፈለግሁላት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ለአስተዳደሩ ያላትን ጥልቅ አድናቆት ገልጻለች። «ኧረ! እኔ?» አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እርስዎም በዚያ በለመድነው ትሕትናዎ «እማማ፣ በልብዎ ያንብቡት» አሉኝ። ልቤ ገና አንደኛ ክፍል ነው ጌታዬ፣ ያለፈው አፌ ብቻ ነው ብዬ መለስኩልዎ። ጥጋብ አይደለም፤ እውነቴን ነው።

ግንባርዎን ይዘው የወጡት የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስደርስ ነው። እርስዎ ስላልሰሙት እዚህ ልድገመው። ክፍል ቁጥር አሥራ አራት «የተማሪዎች ድምፅ ማዕከል» የሚባል የስብሰባና የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ይሆናል። በክፍሉ ይማሩ የነበሩት ሴቶች «በራሳቸው ጥያቄ» ዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ወዳለው በረንዳ ይዛወራሉ፤ የትምህርት ሰዓታቸውም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ይህንንም ተወካዮች በሙሉ ድምፅ አጽድቀዋል። ለተማሪ ድምፅ ማስቀመጫ ፍለጋ ሠላሳ አንድ ተማሪ ከክፍል ማስወጣት፣ እንዲህ ያለ ብልሃት ከእርስዎ በቀር ከማን ይፈልቃል? ቀለሙን ወደ ጸሐፊዎ መለስኩ። አልፈረምኩም። ያቺም ልጅ አልፈረመችም። ከእሷ ቀጥሎ ሌሎቹም አንድ በአንድ እስክሪብቷቸውን ከደኑ።

አራተኛ። ስለ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከልብ አመሰግናለሁ። «ጠዋት አእምሮ ንጹሕ ነው» ብለዋል አሉ። እውነት ነው፤ የእኛም አእምሮ በዚያ ሰዓት ንጹሕ ነው፣ ያለበት ቦታ ግን ሌላ ነው። አትክልት ሻጯ ድንኳኗን ዘርግታ ቲማቲም ትደረድራለች። ልብስ አጣቢዋ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ናት። ሁለቱ ጓደኛሞች ሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋ ይሸከማሉ። ታናሽ እህቴ አንድ ፋብሪካ ምግብ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ታረፍዳለች፤ ከስምንት ሰዓት በፊት ከዚያ አትወጣም።

ስለዚች እህቴ ጥቂት ልበል። ልጇ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አገር ላገር ይዞራል፤ መደወል ሲያቅተው በስልክ መልእክት ይጽፍላታል። የሚያነብላት ባለሱቁ ነው፤ ያውም ስኳር እየመዘነ፣ ጮክ ብሎ፣ በሰው ፊት። የልጇን የሆድ ሕመም ከእሷ ቀድሞ ሰፈሩ ያውቀዋል። ባለፈው ወር ግን አንዱን መልእክት በዓይኑ ብቻ አንብቦ፣ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ደህና ነኝ ይልሻል» ብሎ ስልኩን መለሰላት። እህቴ ያን ዝምታ አልረሳችውም። አምጪ ላንብብልሽ ብላት እምቢ አለች፤ ስልኩን ከጉያዋ ከትታ «ልጄ የጻፈው ለእኔ ነው፤ እኔው አነበዋለሁ» አለችኝ። ግትርነት የቤተሰባችን ነው፤ ይታዘቡን። ከእኛ ዘግይታ ስለጀመረች ገና ፊደል «ተ» ላይ ደርሳለች። መልእክቱን ስትከፍተው እዚህም እዚያም የምታውቀው ፊደል ብቅ ይልላታል፤ የቀረው ጭጋግ ነው። ሰኞ አንድ ፊደል፣ ረቡዕ አንድ ፊደል እያለች ጭጋጉን ትገፋለች። እርስዎ በአንድ አሻራ ሊዘጉ ያሰቡት ይህን መንገድ ነው፤ አሻራውም የእኔ እንዲሆን ነው የፈለጉት።

አምስተኛ። በኮሪደሩ ጫፍ ስለተሰቀለው የአስተያየት ሣጥን። እዚህ ላይ ምስጋናው የጋራችን ነው፤ የእኔም እጅ አለበት። ከእርስዎ በፊት የተጀመረ፣ በእርስዎም ዘመን የቀጠለ ሥርዓት ነበር። በየሁለት ሳምንቱ አርብ የሣጥኑ ቁልፍ ይሰጠኛል፤ እኔም ውስጡ ያለውን ወረቀት ከቆሻሻው ጋር ደባልቄ ከግቢው ጀርባ ካለው ጉድጓድ አቃጥላለሁ። የታዘዝኩት እንዲያ ነው። አንዳንዶቹ ወረቀቶች በጣም ትንሽ እስኪሆኑ ድረስ የተጣጠፉ ነበሩ። ልጅ ወረቀት እንዲያ የሚያጥፈው ሲፈራ ነው። አንዱንም አላነበብኩም፤ አልችልም ነበር። ዛሬ ስችል የሉም። በሕይወቴ ብዙ ነገር አጥቻለሁ፣ ብዙም ተናግሬበታለሁ፤ ስለነዚያ ወረቀቶች ግን የምናገረው የለኝም፣ አፍራለሁ እንጂ። ይህን ደብዳቤ ሣጥኑ ውስጥ ያልከተትኩትም ለዚሁ ነው፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።

ስድስተኛ። ስለመሻሬም አመሰግናለሁ። በስብሰባው ማግስት ጠዋት በሩ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ «ስብሰባ በማወክና የምክር ቤቱን አርባ ደቂቃ በማባከን» ከተወካይነት መነሳቴን አነበብኩ። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ጥበቃውና ሁለት ወላጆች አብረውኝ ሰሙ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ በሹመቴ የበላሁት እንግዶቹ በመጡ ዕለት የተሰጠኝን አንድ ደረቅ ብስኩት ነውና ብዙም አልተቆጨሁም። አርባ ደቂቃዎ ስለባከነ ግን አዝናለሁ። የእኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስለባከነ ያዘነ ሰው ስለሌለ፣ ማዘን ምን እንደሚመስል አላውቅበትም ይሆናል።

የዚያኑ ዕለት ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሠላሳ አንዳችንም በክፍል ቁጥር አሥራ አራት ተሰብስበን ተነጋገርን። ልማዱን ስላላወቅን ይቅርታ እየጠየቅን፣ ቃለ ጉባኤውን የጻፍነው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው። ልብስ አጣቢዋ «ቢያስወጡንስ?» ብላ ጠየቀች፤ አትክልት ሻጯ «እኔን ደንብ አስከባሪ በቀን ሦስቴ ያስወጣኛል፤ ሦስቴ እመለሳለሁ» አለች። ሁለቱም ተመዝግቧል። ውሳኔያችን አጭር ነው። የፊታችን ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ክፍላችን እንገባለን። በሩ ተቆልፎ ብናገኘው ከቢሮዎ ፊት ለፊት ያለው ኮሪደር ሰፊ ነው፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስለወለወልኩት አውቀዋለሁ። መቀመጫችንን ይዘን እንመጣለን። ማናችንም በልባችን ማንበብ አንችልም። ሠላሳ አንድ ሴት ድምፅ አውጥታ ስታነብና ፊደል ስትቆጥር ከውስጥ ሆነው እንደማይቸገሩ ተስፋ እናደርጋለን፤ ሰኞ ካልተስማማዎት ረቡዕም እንመጣለን፤ ከዚያም በሚቀጥለው ሰኞ።

አስተማሪያችንን በዚህ ነገር አይጠርጥሯት። ይህን ደብዳቤ አላየችውም፤ አላረመችውም። ስህተት ካገኙበት ስህተቱ የራሴ ነው፣ ለማንም አልሰጥም። የደረት ምልክቱን ለጸሐፊዎ መልሻለሁ። ድምፁን ግን አልመለስኩም፤ ከእርስዎ የተቀበልኩት አልነበረምና።

ወንበርዎን ስወለውል፣ ሰሌዳዎን ሳጠፋ፣ ወረቀትዎን ሳቃጥል የኖርኩ፣ እስካለፈው ማክሰኞ አራት ሰዓት ከአሥር ድረስ ታዛዥዎ የነበርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ግን

የክፍል ቁጥር አሥራ አራት ተማሪ
(ስሜን በገዛ እጄ ጽፌ ፈርሜያለሁ)

ከስሜ ሥር ሃያ ስድስት የክፍል ጓደኞቼ ስማቸውን ጽፈዋል፤ አንዳንዱ ስም ሽቅብ ቢወጣ፣ አንዳንዱ ቁልቁል ቢወርድ መስመር ስላልነበረው ነው። አራቱ አሻራቸውን አድርገዋል።

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ዕለት አዲስ ተወካይ እንደሚመርጡልን በማስታወቂያዎ ላይ አንብቤያለሁ። ፍለጋው እንዳያደክምዎ፣ ከእኛ ክፍል ገና የማያነቡት ከላይ አሻራቸውን ያዩላቸው አራት ሴቶች ብቻ መሆናቸውን በአክብሮት እጠቁማለሁ። ነገር ግን ይቸኩሉ። አንዷ ታናሽ እህቴ ናት፤ ይህችን መስመር ሳነብላት እጇን በሽርጧ ጠርጋ «ይሹሙኛ! እነሱ ወረቀቱን ተይበው እስኪጨርሱ እኔም እደርሳለሁ» ብላለች።